ከአሳዳጊ እናቷ ጋር ድንበር ስለምትሻገር ሕፃን

ይድረስ፤ በየአውሮፕላን ማረፊያው በር ቆማችሁ፣ በየቆንስላው መስኮት ተቀምጣችሁ የመንገደኛውን ሁሉ ማንነት ከያዘው ወረቀት ጋር ለምታመዛዝኑ ሹማምንትና ሠራተኞች፤ እንዲሁም ሰነዶቻችንን ወደ ባዕድ ቋንቋ ለምትመልሱ ተርጓሚዎች።

 

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ በሙያዬ መምህርት፣ በኑሮዬ የአዲስ አበባ ነዋሪ፣ በፍርድ ቤት ውሳኔም የአንዲት ሕፃን እናት የሆንሁ ሴት ነኝ። ስሜን ከግርጌው ያላኖርሁት ልጄ አድጋ ማንበብ ስትችል የራሷን ታሪክ ከጋዜጣ ሳይሆን ከአፌ እንድትሰማው ስለምፈቅድ ነው። ጉዳዬ በቅርብ የተቀበሉትን የጉዲፈቻ ልጅ ይዞ ከአገር ወደ አገር መሻገር የሚያስከትለውን ምርመራ የሚመለከት ሲሆን፣ ከወዲሁ እንድትረዱልኝ የምሻው ነገር ቢኖር፣ ስለ ተመረመርን ቅር ብሎኝ ለመክሰስ ያልተነሣሁ መሆኔን ነው። መመርመራችሁ የተገባ ነው። እኔ የምከራከራችሁ ጥያቄው ለማን መቅረብ እንዳለበትና በምን ዐይነት ሥርዓት መቅረብ እንዳለበት ብቻ ነው።

የተገባ ነው ስል ለአፍ ያህል አይደለም። በእኛ በራሳችን ዘመን ሕፃናቶቻችን በጉዲፈቻ ስም ወደ አሜሪካና ወደ አውሮፓ በብዛት ሲጓዙ ያየን ሰዎች ነን፤ ከ1999 እ.ኤ.አ. ወዲህ ወደ አሜሪካ ብቻ የሄዱት ከ15,000 በላይ ሲሆኑ፣ በ2010 እ.ኤ.አ. በአንዱ ዓመት ውስጥ ከ2,500 የሚበልጡት ተሻግረዋል። ብዙዎቹ ከደግ ቤት እንደ ገቡ፣ ተምረው ለቁም ነገር እንደ በቁ አምናለሁ፤ አንዳንዶቹም ጐልምሰው የወለዷቸውን ለመፈለግ ወደዚህ ሲመጡ አይተናል። ነገር ግን ወላጁ በሕይወት እያለ በወረቀት ላይ ወላጅ የሌለው ተብሎ የተጻፈ ልጅ እንደ ነበረ፣ ለተወሰነ ጊዜ ለትምህርት የሰጠችው መስሏት ልጇን ለዘለዓለም የፈረመች እናት እንደ ነበረች፣ ይህም ሁሉ በገንዘብ ፍቅር እንደ ተደረገ የታወቀ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በዋሽንግተን ስቴት በአሳዳጊዎቿ እጅ የሞተችውን ልጅ ነገር ሰምቶ ያላለቀሰ ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለኝም፤ አሳዳጊዎቿም ከሁለት ዓመት በኋላ ተፈርዶባቸዋል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም ጥር 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ባጸደቀው፣ አዋጅ ቁጥር 1070/2010 ተብሎ በታወጀው ሕግ፣ የቤተሰብ ሕጉን አሻሽሎ ለውጭ አገር ሰዎች ይሰጥ የነበረውን ጉዲፈቻ ዘጋው። ይህን ሁሉ እያሰበ፣ ስሟ ከልጅቱ ስም የማይገጥም ሴት ሕፃን ይዛ ስታልፍ ዓይኑን ጠበቅ የሚያደርግ መርማሪ፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው ብዬ አመሰግነዋለሁ።

ከዚያም በፊት የነበረው ታሪካችን በዚህ ነገር ሁለት መልክ አለው። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ በወደቀች ጊዜ የሰባት ዓመት ልጅ የነበረው ልዑል ዓለማየሁ ከጦር ሠራዊት ጋር ወደ እንግሊዝ አገር ሲወሰድ፣ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ በመንገድ ላይ ስላረፈች፣ ከወላጅ የቀረው አንድ እንኳ አልነበረም፤ ሞግዚት የሆነለት ካፒቴን ስፒዲ ቋንቋውን የሚያውቅና የሚወደው ሰው ቢሆንም፣ ከእርሱም ደግሞ ለይተው ከቤት ወደ ቤት፣ ከትምህርት ቤት ወደ ትምህርት ቤት ሲያዛውሩት ኖሩ፤ በ18 ዓመቱም በሊድስ ከተማ ሞተ፤ መቃብሩም ዊንድሶር ነው። ይህ ታሪክ ሕፃን እንዴት መሻገር እንደሌለበት የሚያሳይ ነው።

ሁለተኛው ደግሞ ያስመሰግነናል። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ኢየሩሳሌምን ሊሳለሙ በሄዱ ጊዜ፣ በኦቶማን ቱርክ ከደረሰው እልቂት የተረፉ የአርመን እጓለ ማውታ በቅዱስ ያዕቆብ ገዳም ተጠግተው አገኙአቸው፤ የሙዚቃ ጓድ ሠርተው ሲነፉም ሰሙአቸው። አልጋ ወራሹም የአርመኑን ፓትርያርክ ፈቃድ ጠይቀው፣ አርባውን ልጆች ተቀብለው፣ የዚያው ዓመት ጳጉሜን በባተ ጊዜ አዲስ አበባ አገቡአቸው። ከልጆቹም ጋር ከራሳቸው ወገን የሆነ ታላቅ ሰው፣ የሙዚቃ መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንድያን አብሮ መጣ፤ በኋላ የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰው እርሱ ነው። አርባ ልጆች እየተባሉ በከተማችን የኖሩትን እነዚህን ልጆች ባሰብሁ ቍጥር ልብ የምለው ሦስት ነገር ነው፤ ፈቃዱ ከሚገባው አሳዳሪ በይፋ ተጠይቋል፤ ልጆቹ እርስ በርሳቸው አልተለያዩም፤ ቋንቋቸውን የሚሰማ ሰውም አብሯቸው ነበረ። ዛሬ የምናትመው የፕላስቲክ መታወቂያ፣ የጣት አሻራ የሚያነብ መሣሪያ፣ ዓይን የሚለይ ካሜራ ሁሉ ሳይኖር ይህ ተችሎ ነበር።

አሁን ወደ እኔ ቤት ልመለስ። ልጄ በመንገድ ዳር የተገኘች ናት፤ ፖሊስ አንሥቶ፣ ሐኪም ጥርሷን አይቶ ዕድሜዋን ገምቶ፣ የሕፃናት ማሳደጊያ ተቀብሎ ያቆያት፣ እኔና ባለቤቴም በሕግ ፊት ቀርበን የተቀበልናት። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 እጓለ ማውታ ልዩ ጥበቃ እንዲደረግላቸው፣ በጉዲፈቻ የሚያድጉበትም ሥርዓት እንዲስፋፋ ያዝዛል። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ የጉዲፈቻ ልጅ ለማናቸውም ጉዳይ እንደ ተወላጅ ልጅ የሚቈጠር መሆኑን ከደነገገ በኋላ፣ ከተወለደበት ወገን ጋር ያለው ዝምድና ሳይቋረጥ፣ ነገር ግን ምርጫ በመጣ ጊዜ የአሳዳጊው ቤተሰብ እንዲቀድም አድርጓል፤ ፍርድ ቤትም የሕፃኑን ጥቅም ሳያጣራ ስምምነቱን አያጸድቅም። ሕጉ የጸደቀ ጉዲፈቻ እንደ ዋዛ እንዲፈርስ አይፈቅድም፤ የሚፈርሰው አሳዳጊው ልጁን እንደ ባሪያ የገዛው ወይም ከመልካም ጠባይ ወጥቶ ለርኩስ ሥራ ያዋለው እንደ ሆነና ይህን በመሰለ ከባድ ምክንያት ነው። ይህን የምነግራችሁ ሕግ ላስተምራችሁ አስቤ ሳይሆን፣ በቦርሳዬ ውስጥ ያለው ማኅተም የሰፈር ሽማግሌ የፈረመበት ብጣሽ እንዳልሆነ እንድታውቁልኝ ነው።

ችግሩ ግን ይህ ማኅተም ከድንበሩ ማዶ ሲደርስ ድምፁ መቀነሱ ነው። ከመቶ በላይ አገሮች የገቡበት የ1993 እ.ኤ.አ. የሄግ የጉዲፈቻ ስምምነት በ23ኛው አንቀጹ፣ ስምምነቱን ተከትሎ የተፈጸመ ጉዲፈቻ የምስክር ወረቀት ከተሰጠው በሌሎቹ አባል አገሮች ሁሉ ያለ ተጨማሪ ሙግት እንዲታወቅ ያደርጋል። በቤታችን፣ በፍርድ ቤታችን፣ በወረዳችን የተፈጸመው የእኛ ጉዲፈቻ ከዚያ መንገድ ውጭ ስለሆነ፣ ያ የምስክር ወረቀት የለንም። የሚኖረን የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ አባቷ አብሮን ካልተጓዘ ደግሞ በሰነዶች ማረጋገጫ ፊት የፈረመው የፈቃድ ቃል፣ እነዚህ ሁሉ ተተርጕመው፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማኅተም ተረጋግጠው ነው። የአውሮፓን የሸንገን ቪዛ የጠየቀ ሰው እንደሚያውቀው፣ ለሕፃን የሚቀርበውን ማመልከቻ የወላጅነት ሥልጣን ያለው ሰው መፈረም አለበት፤ ሕፃኗ ስድስት ዓመት ካልሞላት የቪዛ ገንዘብ አይጠየቅባትም፤ የ30,000 ዩሮ የሕክምና መድን ግን ለእርሷም ይገዛላታል። ይህን ሁሉ አሟልተን ተጓዝን።

ስለ ስም ነገር ጥቂት ልቆይ፣ ምክንያቱም ግማሹ መከራችን ከዚህ ይመነጫል። በአገራችን ሥርዓት ሴት ባገባች ጊዜ ከአባቷ ስም አትለይም፤ ልጅም ከራሱ ስም ቀጥሎ የአባቱን፣ ከዚያም የአያቱን ስም ይይዛል። እኔ የአባቴ ልጅ ነኝ፣ ልጄ የባለቤቴ ልጅ ናት፣ ስለዚህ በሁለታችን ፓስፖርት ላይ አንድ ፊደል እንኳ የሚገጥም ስም የለም፤ ይህም በማኅፀኗ ተሸክማ የወለደች ኢትዮጵያዊት ሁሉ የሚደርስባት ነው። በባዕድ አገር ቅጽ ላይ ግን የቤተሰብ ስም የሚባል አንድ ሣጥን አለ፤ መርማሪው እዚያ ሣጥን ውስጥ የተጻፈው ሁለት ሆኖ ሲያገኘው ሁለት ቤተሰብ ያገኘ ይመስለዋል። በድሮው ጊዜ ልጅ በእናቱ ወይም በአባቱ ፓስፖርት ላይ ስሙ ተጽፎ ይጓዝ ነበርና ይህ ችግር እምብዛም አይታወቅም ነበር፤ አሁን እያንዳንዱ ሰው የራሱን ፓስፖርት እንዲይዝ መደረጉ ሕፃናትን ከሌባ ለመጠበቅ ያሰበ መልካም ሥርዓት ሲሆን፣ በዚያው መጠን የወላጆች ስም ከልጁ ፓስፖርት እንዲጠፋ ሆኗል። የህንድ ፓስፖርት በመጨረሻ ገጹ የአባትንና የእናትን ስም ለብዙ ዘመን ሲያትም ኖሯል፤ እንዲህ ያለው ጥበብ ከእኛም ሁለት መስመር ቀለም ብቻ የሚጠይቅ ነገር ነው።

አንዳንድ ጊዜ፣ በዘመነ ጽጌ ማኅሌት ስንቆም፣ አረጋዊው ዮሴፍ በስተእርጅናው ያልወለደውን ሕፃን ከእናቱ ጋር ይዞ ወደ ግብፅ ሲሰደድ በሲና በረሃ ማዶ አንድ የፈርዖን አገር ዘበኛ አስቁሞ «ይህ ልጅ ያንተ ነውን?» ቢለው ምን ይመልስለት ነበር ብዬ አስባለሁ። ሊቃውንቱ ይህን ሲጠየቁ አልሰማሁም፤ የሴት ወይዘሮ ሐሳብ ነው ብላችሁ እለፉት።

ከስሙ ቀጥሎ ያለው ዘመን ነው። የፍርድ ቤቱ ውሳኔ በእኛ አቈጣጠር የተጻፈ ስለሆነ ልጄ በጥር ወር 2012 ዓ.ም. እንደ ተወለደች ይናገራል፤ ፓስፖርቷ ግን እንደ ፈረንጆቹ 2020 ይላል። ሁለቱም እውነት ናቸው። ነገር ግን ውሳኔውን ወደ እንግሊዝኛ የመለሰው ሰው ዘመኑን እንዳለ ገልብጦ 2012 ብሎ ትቶታል፤ ከዘመኑም አጠገብ የማን አቈጣጠር እንደ ሆነ የሚያመለክት አንድ ቃል የለም። ስለዚህ በትርጕሙ መሠረት ልጄ ከፓስፖርቷ ስምንት ዓመት ትበልጣለች። ይህን ወረቀት ሁላችንም፣ ተርጓሚው፣ አረጋጋጩ፣ ማኅተም የመታው፣ ቪዛ የሰጠው፣ አይተነው አሳልፈነዋል።

በመሠረቱ የዚህ ደብዳቤ ምክንያት የሆነው ግን ከወረቀቱ ይልቅ ልጅቱ ናት። በማሳደጊያ ያደገ ሕፃን ሻንጣን የሚያውቀው እንደ እኛ አይደለም። እዚያ ቤት አዲስ ልብስ የለበሰ፣ ሻንጣ የተያዘለት፣ ጠጕሩ የተጐነጐነ ልጅ በጧት ይሄዳል፤ አይመለስም። የሄደው ደግ ቤት ይሁን ክፉ ቤት የሚያውቅ ከልጆቹ መካከል የለም። እኔ ለጕዞው ልብሷን ሰብስቤ ሻንጣው ውስጥ ደርድሬ ወደ ወጥ ቤት ሄጄ ስመለስ፣ ልጄ ወለሉ ላይ ተንበርክካ፣ ቀሚሶቿን አንድ በአንድ እያወጣች፣ ትንንሽ እጆቿ እንደ ቻሉት እያጣጠፈች ወደ ቁም ሣጥኑ ስትመልስ አገኘኋት። አላለቀሰችም። አንድም ቃል አልተናገረችም። ካልሲዎቿን ለይታ የታችኛው መሳቢያ ውስጥ፣ ከምታውቀው ቦታ፣ አኖረቻቸው። ከዚያ በኋላ ያደረግነው ነገር፣ እንደ እኛ ያለ ጕዞ የሚያስብ ቤተሰብ ቢኖር ይጠቅመው እንደ ሆነ ብዬ ነው የምጽፈው፤ የምትጠጣበትን ኩባያ ሳይታጠብ ጠረጴዛው ላይ ትተን «ስንመለስ ታጥቢዋለሽ» አልናት፤ የመመለሻውንም ቲኬት በእጇ እንድትይዘው ሰጠናት፤ ጥግ ጥጉን እያጠፈች እስኪበላሽ ድረስ ያዘችው። በጉዲፈቻ ጉዳይ የሠለጠኑ ሰዎች ልጅ ከአዲሱ ቤት ሳይላመድ ሩቅ መንገድ ባይሄድ ይመረጣል ይላሉ፤ እኛም ብንችል እናዘገየው ነበር፤ የባለቤቴ እናት በአውሮፓ በልጃቸው ቤት በጽኑ ታመው ስለነበር አልቻልንም።

በመንገዳችን ላይ በአንድ የዐረብ አገር አውሮፕላን ማረፊያ ወደ አውሮፓው አውሮፕላን ልንሳፈር ሰልፍ ስንደርስ፣ በር ላይ ያለው ሠራተኛ ወረቀታችንን ተቀብሎ ዘለግ ላለ ጊዜ አየው። ይህ ሰው የራሱ ጭንቀት እንዳለበት አውቃለሁ፤ ሰነዱ ያልተሟላ መንገደኛ ወደ አውሮፓ ያደረሰ አየር መንገድ በእያንዳንዱ ሰው በሺህ የሚቈጠር ዩሮ ይቀጣል። የስማችንን አለመግጠም አየ፤ 2012 እና 2020ን አየ፤ ከዚያም ቀና ብሎ ልጄን አየ። በእንግሊዝኛ አናገራት፤ አልገባትም። ዘወር ብሎም ወለል የምትጠርግ አንዲት ወጣት አበሻ ጠርቶ አስተርጕሚልኝ አላት።

ወጣቷ መጥረጊያዋን ከግድግዳው አስደግፋ፣ እጇን በሽርጧ ጠርጋ፣ ከልጄ ፊት ቍጢጥ አለች።

«እሙዬ፣ እኚህ ሴትዮ እናትሽ ናቸው?»

ልጄ መልስ አልሰጠችም። የነጠላዬን ጥለት ጭምድድ አድርጋ ይዛ መሬት መሬት አየች። ሠራተኛው ጥያቄው እንዲደገም አዘዘ፤ ተደገመ፤ ልጄ ዝም አለች። እርሱም በወረቀቱ ጠርዝ ላይ አንድ ነገር ጻፈ። የሕፃን ዝምታ በዚያ ሰው ዘንድ ምስክርነት ሆኖ ተቈጠረ። እርሱ ሊያውቀው የማይችለው ነገር፣ ይህች ሕፃን በአጭር ዕድሜዋ ወረቀት የያዘ ታላቅ ሰው ጐንበስ ብሎ የጠየቃት ሁሉ፣ ፖሊሱ፣ ሐኪሙ፣ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛዋ፣ ጠይቆ ሲያበቃ ከነበረችበት አንሥቶ ሌላ ቦታ ያኖራት መሆኑን ነው። በእርሷ ልምድ ለእንዲህ ያለ ጥያቄ ትክክለኛ መልስ የለም፤ አዎን ብትልም ትወሰዳለች፤ አይደለችም ብትልም ትወሰዳለች።

ያች ወጣት፣ እግዚአብሔር የሥራዋን ዋጋ ይክፈላት፣ ከሁላችንም በፊት ነገሩ ገባት። ተነሥታ ወደ እኔ ቀረብ አለችና «እትዬ፣ የፍርድ ቤቱን ወረቀት ያውጡለት፤ ሕፃኗን ይተዋት» አለችኝ። እርሷው ራሷ ለሠራተኛው በተሰባበረ እንግሊዝኛ የኛ ዘመን ከእነርሱ ዘመን በሰባት ወይም በስምንት ዓመት እንደሚያንስ፣ እርሷም በራሷ ፓስፖርት ይህን እንዳየችው፣ በጣቷ እየቈጠረች አስረዳችው። አለቃው ተጠራ፤ አለቃው መጣ፤ ማኅተሙን ወደ ብርሃን አድርጎ አየውና አሳለፈን። ሰው ሁሉ ገብቶ ካበቃ በኋላ የመጨረሻ ሆነን ገባን። አውሮፕላኑ ሲነሣ ልጄ ወደ ጆሮዬ ቀርባ፣ «ያቺ ልጅ ጋ ነው እንዴ የምቀረው?» አለችኝ።

እንግዲህ የምለምናችሁ ይህን ነው። ሕፃናትን አትስሟቸው ማለቴ አይደለም፤ ፍርድ ቤቱም ጉዲፈቻውን ሲያጸድቅ የልጁን አሳብ እንዲመለከት ሕጉ ያዝዘዋል፤ ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነትም ለልጁ የመሰማት መብት ይሰጠዋል። ነገር ግን ዳኛ ልጅን የሚሰማው በጽሕፈት ቤቱ፣ በርን ዘግቶ፣ ጊዜ ሰጥቶ ነው፤ ሦስት መቶ ሰው ከኋላ ተሰልፎ በሚያይበት፣ የመነሻ ሰዓቱ በሰሌዳ ላይ በሚያንጸባርቅበት በር ላይ አይደለም። አስቀድማችሁ ወረቀቱን መርምሩ፤ ቀጥሎም አሳዳጊዋን ዘወር አድርጋችሁ የፈለጋችሁትን ያህል በጥብቅ ጠይቁ፤ ውሳኔውን የሰጠው ችሎት የት እንደሚገኝ፣ የመዝገቡ ቍጥር ስንት እንደ ሆነ፣ ልጅቱ የምታድርበት ክፍል ምን እንደሚመስል፣ ምን መብል እንደምትወድ ጠይቁኝ፤ ልጅ ሰርቆ የሚሄድ ሰው ይህን አይመልስም። ከዚያ በኋላም ጥርጣሬ ከቀረባችሁ ግን፣ ያን ጊዜ ልጅቱን ማናገር ግዴታችሁ ነው፤ ለዚህ ሥራ የተማረ፣ ቋንቋዋንም የሚሰማ ሰው ይምጣ፤ ወለል የሚጠርግ ሰው ተጠርቶ አይሁን። ባይሆን ባይሆን፣ ስታናግሯት «እናትሽ ናት?» ከማለት ይልቅ «ከማን ጋር መጣሽ? ወዴትስ ትሄዳላችሁ?» በሏት። ይህን ጥያቄ ልጄ መመለስ ትችል ነበር፤ ቲኬቱን በእጇ ይዛው ነበርና።

እናንተ ተርጓሚዎች ሆይ፣ ከእናንተ የምሻው ትንሽ ነው። በምትመልሱት ሰነድ ላይ ያለውን ዘመን ሁሉ በሁለቱም አቈጣጠር ጻፉ፤ ዓ.ም. እና እ.ኤ.አ. የሚሉትን ምልክቶች አትተዉ፤ ቀኑ በሐኪም ግምት የተወሰነ ከሆነም ይኸው ይገለጽ። የመንገደኛው ዕድል በእናንተ አንዲት ነጥብ ላይ ተንጠልጥሎ እንደሚያድር አስቡት።

ፓስፖርት የሚያትመውን መሥሪያ ቤት ደግሞ የምጠይቀው፣ ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች በሆነ ልጅ ፓስፖርት ላይ የወላጆቹ ሙሉ ስም እንዲታተም፣ የጉዲፈቻ ልጅ ከሆነም የአሳዳጊዎቹ ስም ያለ አንዳች ልዩ ምልክት በዚያው ቦታ እንዲገባ ነው። «የጉዲፈቻ» የሚል ቃል በፓስፖርቷ ላይ እንዲጻፍ አልሻም፤ ሕጉ ልጄ ካደረጋት በኋላ በየድንበሩ ላይ መነሻዋን የምታስረዳበት ምክንያት አይታየኝምና። ይህ ቢሆን የፍርድ ቤቱ ውሳኔ በሻንጣው ግርጌ፣ ለክፉ ቀን ተቀምጦ ይጓዛል፤ የወለዱ እናቶችም ከዚህ የስም ጣጣ ይገላገላሉ።

የዚህን ጉዳይ መልስ የሚሰጥ መሥሪያ ቤት ቢኖር፣ ክረምት ሳይገባ ቢደርሰን እጅግ ደስ ይለናል። የባለቤቴ እኅት ልጇን ልትድር ስለሆነ ሦስታችንንም ጠርታናለች፤ ልጄም ሙሽራዋን ተከትላ አበባ እንድትይዝ ተመርጣለች፤ የቪዛውን ማመልከቻ ደግሞ ከሠርጉ አስቀድመን በጊዜ ማስገባት ይኖርብናል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

አንዲት የአዲስ አበባ እናት